በካርድ ላይ የሚቆራረጠው ቦዶኒ

በሰርግ መጥሪያ ካርድ ላይ የሙሽሮቹን ስም በላቲን ፊደል፣ ቦዶኒ በተባለው ፎንት በትልቁ ጽፈው፣ አድራሻውንና ሰዓቱንም በዚያው ፎንት በ8 ፖይንት ካስገቡ በኋላ፣ ሸካራ ቡናማ ካርድ ላይ በወርቃማ ፎይል ሲታተም ትንንሾቹ ፊደላት እየተቆራረጡ እንደወጡ ገልጸው፣ ጥፋቱ የማተሚያ ቤቱ ነው ወይስ የፎንቱ ሲሉ ጠይቀዋል። በእኔ ግምት ችግሩ ፎንቱ ያለ መጠኑና ያለ ወረቀቱ መዋሉ ነው።

የቦዶኒ ውበት ያለው በወፍራሙና በቀጭኑ መስመር መካከል ባለው ሰፊ ልዩነት ነው። የላቲኑን ትልቁን «ኤን» ቢመለከቱ ሁለቱ ቋሚዎች ፀጉር አክለው የቀጠኑ ሲሆኑ፣ ክብደቱን ሁሉ የተሸከመው በሰያፍ የወረደው መስመር ነው፤ ቋሚዎቹ ሲጠፉ የሚቀረው ሰያፍ ጭረት ብቻ ይሆናል። ቀጭኑ መስመር የፊደሉ መጠን አንድ መቶኛ ነው ብንል፣ በ60 ፖይንት ወደ 0.2 ሚሊ ሜትር ሲሆን በ8 ፖይንት ግን 0.03 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ይህን ያህል የቀጠነ መስመር በጋለ ቅርጽ ተጭኖ የሚለጠፍ ፎይል አይዘውም፤ የካርዱ ሸካራነት ሲጨመርበትማ ጎድጓዳው ቦታ ባዶውን ይቀራል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጣሊያናዊው አታሚ ጃምባቲስታ ቦዶኒ በፓርማ፣ አታሚዎቹ የዲዶ ቤተሰብ ደግሞ በፓሪስ እነዚህን ፊደላት ሲቀርጹ ለስላሳ ወረቀት ማግኘታቸው ብዙ ረድቷቸዋል፤ የፋሽን መጽሔቶችም ዛሬ ድረስ ይህን ዓይነት ፊደል በሚያብረቀርቅ ሽፋናቸው ላይ በትልቁ ይጠቀሙበታል።

ስለዚህ ቦዶኒን ለስሞቹ ብቻ ይተዉትና አድራሻውን የመስመሩ ውፍረት ብዙ በማይለያይ ፎንት ይጻፉት። የግድ አንድ ዓይነት መልክ ይኑረው ካሉ፣ በነፃ የሚገኘው ቦዶኒ ሞዳ ከ6 እስከ 96 ፖይንት ለየመጠኑ የተስተካከለ ቅርጽ ስላለው የትንሹን መጠን ቅርጽ ይምረጡ፤ ያም ቢሆን ለስላሳ ካርድ ላይ እንጂ አሁን በያዙት ላይ አልመክረውም። ብዙዎች እንደሚያደርጉት በፊደሉ ዙሪያ መስመር ጨምረው ለማወፈር አይሞክሩ፤ ወፍራሙም አብሮ ስለሚያብጥ የፊደሉ ውስጥ ክፍት ቦታ ይደፈናል። በፎይል ሳይሆን በኦፍሴት፣ ማለትም በተለመደው የቀለም ኅትመት፣ የሚያሳትሙ ከሆነም ቀጭን ፊደል በአንድ ቀለም ይታተም፤ ከአራት ቀለም የተቀላቀለ ሲሆን ቀለሞቹ ትንሽ ከተዛነፉ ጠርዙ ይደበዝዛል።

አማርኛውን በተመለከተ፣ ቦዶኒ የግዕዝ ፊደል ስለሌለው ኮምፒዩተሩ በራሱ ሌላ ፎንት ይተካል፤ ያም ከወፍራሙ ቦዶኒ ጎን ሲቆም ከስቶ ይታያል። ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክን የመሰለ ብዙ የውፍረት ደረጃ ያለው ፎንት ወስደው አንድ ወይም ሁለት ደረጃ ያወፍሩት። የፎይሉ ቅርጽ ከመሠራቱ በፊትም ዲዛይኑን በእውነተኛ መጠኑ በተራ ፕሪንተር አትመው፣ የ«ኤን» ቋሚዎች ክንድ ያህል ርቀው ሲያዩት የሚታዩ መሆናቸውን ያረጋግጡ።