የሙዚቀኛ አባቴን የሕይወት ታሪክ እንዴት ልጻፍ?

ጥያቄ፦ ለተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ አባታችን በ87 ዓመታቸው ካረፉ ሁለት ወር ሊሞላ ነው። ከወጣትነታቸው ጀምሮ አኮርዲዮን ሲጫወቱ የኖሩ ሰው ነበሩ፤ ከእናታችን ጋርም 56 ዓመት በትዳር ኖረው አምስት ልጆች አሳድገዋል። ቤተሰቡ በመታሰቢያ ስብሰባ ላይ የሚነበብ፣ ኋላም ለልጅ ልጆች የሚቀር የሕይወት ታሪክ እንድጽፍ አደራ ሰጥቶኛል። ታላቅ እህቴ «ሰው የሚያውቃቸው በሙዚቃቸው ነው፤ እሱን ጻፊ» ትለኛለች፤ ታናሽ ወንድሜ ደግሞ «ሙዚቃውን ሌላው ይጻፈው፣ እኛ ስለ አባታችን እንናገር» ይላል። ብዙ ምሽት፣ በበዓላትም ጭምር፣ ለሥራ ወጥተው ያመሹ እንደነበር ግን መነሳት የለበትም በሚለው ሁለቱም ይስማማሉ። ወደ 40 የሚጠጉ ካሴቶችም ትተዋል፤ ለማስታወሻ እንከፋፈል ተብሏል። በአንዱ ካሴት ላይ አባቴ እየተለማመዱ ሳሉ ድንገት ያቆሙና ዝቅ ባለ ድምፅ «ሕፃኗ ተኛች?» ብለው እናቴን ሲጠይቁ ይሰማል። ሕፃኗ እኔ ነኝ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በቅድሚያ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብ መጽናናትን እመኛለሁ። እህትዎና ወንድምዎ የሚከራከሩበትን ጉዳይ እርስዎ በመጨረሻ ያነሱት ካሴት አስቀድሞ የፈታው ይመስለኛል፤ አኮርዲዮኑን የያዙትና ስለ ሕፃኗ እንቅልፍ የተጨነቁት ያው አንድ ሰው ናቸው፣ ያውም በዚያው ደቂቃ። ስለዚህ ጽሑፉን «የሙዚቃ ሕይወታቸው» እና «የቤተሰብ ሕይወታቸው» ብለው ለሁለት አይክፈሉት፤ ሁለቱ የተገናኙባቸውን ሰዓታት ይፈልጉ።

ይህን ሥራ ከእርስዎ በፊት ከሞከሩት ልጆች አንዱ የታዋቂው ጀርመናዊ የሙዚቃ ደራሲ የዮሐን ሰባስቲያን ባኽ ልጅ ነው። ባኽ እ.ኤ.አ. በ1750 ሲሞት ከሁለት ትዳሮች 20 ልጆች ወልዶ ነበር፤ ለአካለ መጠን የደረሱት አሥሩ ብቻ ናቸው። ልጁ ካርል ፊሊፕ አማኑኤል ከአባቱ ተማሪ ጋር ሆኖ የጻፈው የሕይወት ታሪክ በ1754 ታተመ። ከዚያ ጽሑፍ ዛሬም ከሰው አእምሮ የማይጠፋው የሹመቱ ዝርዝር አይደለም። ወላጆቹን ያጣው ትንሹ ባኽ ታላቅ ወንድሙ የቆለፈበትን የኖታ ጥራዝ እጁን በቁምሳጥኑ ፍርግርግ እያሾለከ ሲያወጣ፣ ሻማ ስለተከለከለ በጨረቃ ብርሃን ስድስት ወር ሲገለብጥ፣ ሲጨርስ ደግሞ ወንድሙ ደርሶበት ሲቀማው እናያለን። በ1720 አሠሪው ከነበረው ልዑል ጋር ከሄደበት ጉዞ ሲመለስ፣ በደህና ትቷት የወጣው ሚስቱ ሞታ መቀበሯን የሰማውም በዚሁ ጽሑፍ ላይ ሰፍሯል። ልጁ የአባቱን ከቤት መለየት አልሸሸገም፤ ያ መለየት ያስከፈለውን ዋጋ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነገረን እንጂ።

ይህም ወደ አከራካሪው ነጥብ ያደርሰናል። ያመሹባቸውን ምሽቶች ይጻፏቸው። የሙዚቀኛ ሥራ ሌላው ሰው በሚያርፍበት ሰዓት የሚሠራ ነው፤ አምስት ልጆች የበሉትም የተማሩትም ከእነዚያ ምሽቶች በተገኘ ገንዘብ ነው። ይህ ካልተነገረ «ለቤተሰባቸው የኖሩ» የሚለው ቃል ባዶ ሙገሳ ሆኖ ይቀራል። ወቀሳ እንዳይመስል የሚሰጉ ከሆነ ከመቅረታቸው ይልቅ መመለሳቸውን ይተርኩ፦ በስንት ሰዓት ይገቡ ነበር፣ በሩን እንዴት ይከፍቱ ነበር፣ አኮርዲዮኑን የት ያስቀምጡ ነበር፣ መጀመሪያ የሚያዩት ማንን ነበር? እናትዎ በሕይወት ካሉ እነዚህን ጥያቄዎች ዛሬ ነገ ሳይሉ ይጠይቋቸው። «ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው ሁሉ መልሱ «ደግ፣ ትሑት፣ ሰው አክባሪ» ነው። (እንዲህ ያለ ጽሑፍ ለእርማት ሲመጣልኝ ስሙን በእጄ ሸፍኜ አነበዋለሁ፤ የሌላ ሰው ስም ቢገባበትም የሚያስኬድ ከሆነ ለጸሐፊው እመልሰዋለሁ።) አብረዋቸው የተጫወቱ ጓደኞቻቸውንም ያነጋግሩ፤ ልጆች የማያውቁት ግማሽ ሌሊት ያለው እነርሱ ዘንድ ነው።

የትውልድ ዘመን፣ ትምህርት፣ የሠሩባቸው ቦታዎችና የልጆች ስም በአንድ አጭር አንቀጽ ያልቃሉ።

የካሴቶቹ ነገር ግን ያሳስበኛል። የባኽ የእጅ ጽሑፎች ከሞቱ በኋላ ለወራሾቹ ተከፋፈሉ። ካርል ፊሊፕ የደረሰውን ጠብቆ አቆየ፤ ታላቁ ልጅ ቪልሄልም ፍሪደማን ግን ችግር ሲጸናበት ድርሻውን ሸጠ፣ ብዙውም ጠፋ። ያ በ1754 የታተመው የሕይወት ታሪክ ባኽ ለአምስት ዓመት የሚበቃ የቤተ ክርስቲያን ዜማ እንደጻፈ ይናገራል፤ ዛሬ በእጅ ያለው 200 ያህል ካንታታ (በድምፅና በሙዚቃ መሣሪያ የሚቀርብ ድርሰት) ነው። አባትየው ለዚያው ልጅ በዘጠኝ ዓመቱ የመማሪያ የኖታ ደብተር ያዘጋጀለት መሆኑን ሳስብ ነገሩ ይበልጥ ያሳዝነኛል። እርስዎ ግን ካሴቶቹን ከማከፋፈልዎ በፊት ቁጥር ይስጧቸው፣ በላያቸው የተጻፈውንም እንዳለ በመዝገብ ያስፍሩ። በካሴቱ ጀርባ ጠርዝ፣ ግራና ቀኝ፣ ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ልሳኖች አሉ፤ ሁለቱንም ይስበሩ፤ ያን ጊዜ በስህተት ሌላ ድምፅ ሊቀዳባቸው አይችልም። ለብዙ ዓመት የተቀመጠ ካሴት ከመሰማቱ በፊት አንድ ጊዜ እስከ ዳር ሄዶ ቢመለስ ጥሩ ነው። የ90 ደቂቃው ክር ከ60ው የሳሳ ስለሆነ ለእሱ የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ወደ ኮምፒውተር የሚያዞርልዎ ባለሙያ ድምፁን ሳይጨምቅ በሚያስቀምጠው በዌቭ ፎርማት፣ በ24 ቢትና ቢቻል በ96 ኪሎኸርዝ እንዲቀዳልዎ ይንገሩት፤ የተጨመቀው ኤምፒስሪ ለስልክ የሚሆን ቅጂ ብቻ ነው። ሳልና ወሬ «ቆሻሻ ነው» ተብሎ እንዳይቆረጥም አጥብቀው ያስጠንቅቁት። ያን ጊዜ አምስታችሁም ሙሉውን ትይዛላችሁ፣ ዋናዎቹ ካሴቶችም አንድ ቤት አብረው ይቀመጣሉ። አኮርዲዮኑን ደግሞ ወናፉ ተዘግቶ ሙቀትና እርጥበት ከሌለበት ቦታ ያኑሩት፤ በብዙዎቹ አኮርዲዮኖች ውስጥ ድምፅ የሚሰጡት ቀጫጭን ብረቶች የተያያዙት በሰም ስለሆነ ሙቀት ያላቅቃቸዋል።

በመታሰቢያው ዕለት ሙሉ ዜማ አያሰሙ፤ ሰው ወደ ኮንሰርት ስሜት ይገባና ንባቡ ይቀዘቅዛል። የልደት ዓመትዎን ተናግረው «በዚያ ዓመት አባቴ ቤት ውስጥ ሲለማመዱ» ብለው ይቁሙና፣ ካሴቱን ከጥያቄያቸው 30 ሰከንድ ያህል ቀደም ካለው ቦታ ያስጀምሩት። «ሕፃኗ ተኛች?» ካሉ በኋላ ወዲያው አይዝጉት፤ እናትዎ የመለሱላቸውና አኮርዲዮኑ ዳግም የሚጀምርበት ድምፅ ካለ እሱም ይሰማ፤ ከዚያ ንባብዎን ይቀጥሉ።