የጎረቤት አውራ ፍየልም ዘመድ ነው

ጥያቄው የመጣው ከድሬዳዋ ገጠር፣ ከቢዮ አዋሌ አካባቢ ፍየል ከሚያረቡ አባወራ ነው። አሳጥሬ ላቅርበው፦

«ሃያ ያህል ፍየሎች አሉኝ። ግልገሎቹ ከዓመት ዓመት ሰውነታቸው እያነሰ መጣ። ሲወለዱ ጀምሮ ደካማ ናቸው። አንዱማ የታችኛው መንጋጋው አጥሮ ጡት መያዝ አቅቶት ሞተ። ዘመድ ከዘመድ እየተራባ ነው ሲሉኝ አውራዬን ከጎረቤቴ አውራ ጋር ተለዋወጥኩ። የእሱ አውራ እናት ድሮ እኔ የሰጠሁት ፍየል ነበረች። ሁለት ዓመት አለፈ፤ ያው ነው። ምን አጠፋሁ?»

በድሬ ወግ «አንተ» ብልዎ እንደማይቀየሙኝ አውቃለሁ። ጽሑፍ ነውና ግን እርስዎ ልበል።

ምንም አላጠፉም፤ መንገዱ ላይ ቶሎ ቆሙ እንጂ። እኔም ሥራ ስጀምር ለስንቱ አርቢ «ከጎረቤትህ ጋር ተለዋወጥ» ብያለሁ። ምክሩ ቀላል ነው፣ ወጪ የለውም። ችግሩ ጎረቤት ማለት ብዙ ጊዜ ዘመድ ማለት መሆኑ ነው። የሰጧት ፍየል ከድሮው አውራዎ የተወለደች ከሆነች፣ አሁን ያመጡት አውራ ለእርስዎ እናት ፍየሎች የእህት ልጅ ነው። አክስቶቹን እያጠቃ ነው አቦ!

የድሬዳዋው ወንዝ ደቻቱ ትንሽ ውሃ ሲይዝ እንዴት ይሻገሩታል? ከድንጋይ ድንጋይ እየረገጡ አይደል? ሦስተኛው ላይ ለመድረስ ሁለተኛውን መርገጥ ግድ ነው። ሞቶ ኪሙራ የተባለ ጃፓናዊ የዘረመል ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1953 እንስሳትና ዕፅዋት የሚሰራጩበትን መንገድ ልክ በዚህ መሰለው። በ1964 ደግሞ ከሒሳብ ሊቁ ጆርጅ ዋይስ ጋር ሆኖ ስሌቱን አስፋፋው። የመረማመጃ ድንጋይ ሞዴል ይባላል። እያንዳንዱ መንጋ አንድ ድንጋይ ነው። በየትውልዱ ጥቂት እንስሳት ወደሚቀጥለው ድንጋይ ብቻ ይሻገራሉ። ስለዚህ ጎን ለጎን ያሉ መንጋዎች ደማቸው ይመሳሰላል። እየራቁ ሲሄዱ መመሳሰሉ ይቀንሳል።

ከዚያ በፊት ሲወል ራይት የተባለ አሜሪካዊ የዘረመል ሊቅ ሌላ ሞዴል ነበረው። እዚያ እንግዳው ከየትኛውም መንጋ ሊመጣ ይችላል። «በትውልድ አንድ እንግዳ ይበቃል» የሚባለው ልማዳዊ መመሪያ የተወለደው ከእሱ ነው። እርስዎም አንድ እንግዳ አስገብተዋል። ግን የእርስዎ እንግዳ ከጎን ድንጋይ የመጣ ነው፤ የሚያመጣው አዲስ ደም ትንሽ ነው። መንደሮቹ እንደ ባቡር ጣቢያ፣ እንደ ሽንሌና አዲጋላ፣ በአንድ መስመር የተደረደሩ ከሆነ ነገሩ ይብሳል። ግራና ቀኝ ሁለት ጎረቤት ብቻ ነው ያለዎት። ሜዳ ላይ የተበተነ ሰፈር ግን በአራቱም በኩል ይቀላቀላል።

የኪሙራ ስሌት ውስጥ የምወዳት አንዲት ነገር አለች። ከሩቅ ዘሎ ለሚመጣ እንግዳም ቦታ ትቷል። ቁጥሩ ትንሽ ቢሆን እንኳ ከሩቅ የመጣው ከብዙ የጎረቤት ልውውጥ የበለጠ አዲስ ደም ያስገባል። የእርስዎም መፍትሔ እዚህ ላይ ነው። አውራውን ከሦስትና ከአራት መንደር ማዶ ያምጡ። ሲገዙ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን እናቱንና አባቱን ይጠይቁ። የገዙበት ሰው ራሱ አውራውን ከእናንተ መንደር አምጥቶት እንዳይሆን!

«ይበልጥ ሩቅ ይበልጥ ጥሩ» ግን አይደለም። ደጋ የለመደ ፍየል ድሬ ሙቀት ላይ ይቸገራል። የእናንተን ሙቀት፣ የእናንተን ቁጥቋጦ የሚያውቅ ይሁን። ከነጋዴ በጭነት መኪና የወረደውንም አልመክርም። የት እንደነበረ አይታወቅም፤ «ደስታ መሰል» የሚባለውን የበግና የፍየል ተላላፊ በሽታ ወይም የፍየል ሳንባ ምች ይዞ ሊመጣ ይችላል። የትም ይግዙት የት፣ ለሦስት ሳምንት ለብቻው ያቆዩት። የእንስሳት ሐኪም ያሳዩት፤ ክትባቱንም ይጠይቁ።

አሁን ወደ ጊዜው። አውራ ስንት ዓመት ይቆይ? እስቲ እናስላ። ፍየል አምስት ወር ታረግዛለች። ሴቷ ግልገል ስድስት ሰባት ወር ሲሞላት ልትጠቃ ትችላለች። ስለዚህ አውራው ከገባ በዓመቱ ገደማ የገዛ ልጆቹ ፊቱ ቆመዋል። ከልጁ የሚወለደው ግልገል የዝምድና መጠኑ (ከእናትም ከአባትም የወረሰው ዘረመል ከአንድ ዘመድ የመጣ የመሆን ዕድሉ) 25 በመቶ ነው። ከዚያችኛዋ ደግሞ ራሱ ቢወልድ 37.5 ይደርሳል። የአንድ አባት ልጆች ሲዳቀሉ እንኳ 12.5 ነው። መጽሐፍ ላይ ሁለት ዓመት ይባላል፤ እኔ ግን በዓመት ተኩል ቢቀይሩት እመርጣለሁ። ወንድ ግልገሎችንም ከአራት ወር በፊት ይለዩ ወይም ያኮላሹ። ስንቱ ሰው አውራውን ቀይሮ ወጠጤዎቹን ረስቷል!

ለአንድ ሰው በየጊዜው አውራ መግዛት ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። አራት አምስት ሆናችሁ፣ ከተለያየ መንደር፣ ተስማሙ። አውራዎቹ ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ይዙሩ፤ ከእርስዎ ወደ ሁለተኛው፣ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው። ወደ ኋላ አይመለሱ። ክቡ ሲዞር ሲዞር ሁሉም መዛመዱ አይቀርምና አልፎ አልፎ ከክቡ ውጭ አንድ ይጨመር።

ሁሉንም በዝምድና አላሳብብም። የመንጋጋው ነገር ዝምድናን ያስጠረጥራል፤ የግልገሎቹ መክሳት ግን የትላትል ወይም የመኖ ጉዳይም ሊሆን ይችላል። ገራባ፣ ማለትም የጫት ትራፊ፣ ብቻ እየበሉ ከሆነ ደግሞ ያስቡበት። ፍየሎቻችን ገራባ መውደዳቸውን ማን ያጣዋል! ጫቱ ላይ መድኃኒት ተረጭቶ እንደሆነ ግን ሳይጠይቁ አይስጡ። የትላትል መድኃኒቱን አዲሱ አውራ ከመግባቱ በፊት ቢጨርሱ ይሻላል። አለበለዚያ ግልገሎቹ ሲሻሻሉ ምክንያቱ የቱ እንደሆነ አናውቅም።

አሁን ያለውን አውራ ለጎረቤትዎ አይመልሱት። እሱም ከእርስዎ ጋር አንድ ችግር ውስጥ ነው። አኮላሽተው፣ አደልበው ለዓረፋ ይሽጡት፤ ገንዘቡ ለአዲሱ መግዣ ይሆናል።