የልጄን ጂንስ የደበቅኩ ጊዜ

እህቴ፣ «የ13 ዓመት ልጄ እምብርቷን የሚያሳይ ቲሸርትና ታይት ካልለበስኩ እያለች በየጠዋቱ እንጣላለን፤ አባቷ ፈጽሞ አይሆንም ብሏል፤ ምን ላድርግ?» ብለሽ ለጠየቅሽው ነው። እኔ ደብረ ብርሃን ነኝ። ሴቷ ልጄ 16 ሞልቷታል፣ ወንዱ 14። ያለፍኩበት ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ልንገርሽ።

መጀመሪያ ያጠፋሁትን። ልጄ በ13 ዓመቷ አክስቷ ለበዓል በሰጠቻት ብር ከሰልባጅ ተራ ጉልበቱ የተቀደደ ጂንስ ገዝታ መጣች። ምንም ሳልናገር ደበቅኩት፤ ከጋቢዎቹ ሥር። ሁለት ቀን ስትፈልግ ከረመችና ዝም አለች። ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር። ለካ ቀሚሷን ለብሳ ከቤት ትወጣና ጓደኛዋ ቤት ሱሪ ተውሳ ትቀይራለች። ይህን የሰማሁት ቡና ላይ ነው፣ ከጎረቤት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ከሱሪው ይልቅ ያ አንገበገበኝ። መደበቁን የጀመርኩት ግን እኔ ነኝ።

ማታውኑ ጂንሱን አውጥቼ ሰጠኋት። ደብቄው እንደነበርም ነገርኳት። ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። ከዚያ ቁጭ ብለን ቦታ በቦታ ተነጋገርን። ቤተ ክርስቲያን ቀሚስና ነጠላ፣ ይህ ድርድር የለውም። ለቅሶ ቤትም እንደዚያው። ትምህርት ቤት ዩኒፎርም ነው፤ ጉርዱን ልብስ ሰፊ ጋ ወስዶ ማሳጠር ግን የለም። ከጓደኞቿ ጋር ስትሆን ጂንሷን ትልበስ።

እምብርት የሚያሳየውን እምቢ አልኩ። «ሰው ያይሻል» ስላት «ታዲያ ጥፋቱ የሚያየው ነው እንጂ የእኔ ነው?» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ መልስ አጣሁ። «ማንም መንገድ ላይ ቢያስቸግርሽ ምን ለብሰሽ ነበር ብዬ አልጠይቅሽም፤ መጥተሽ ንገሪኝ» አልኳት። ከሁሉም ይህችን ቃል ለልጅሽ እንድትሰጫት እለምንሻለሁ። ለቀረው ብርዱ አገዘኝ። ከተማችን ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ በኅዳር ውርጭ በማለዳ ሆዱን ገልጦ የሚወጣ ካለ ጀግና ነው! ሸዋ ሮቢት ያለችው እህቴ ግን ይህን ምክንያት ልጆቿ ላይ ልትሞክረው አትችልም፤ እዚያ ሙቀቱ ሌላ ነው።

አባትየውን ልጅቷ በሌለችበት ቀድመሽ አነጋግሪው። የእኔውም «ፈጽሞ» ባይ ነበር። አንድ ቀን ልጃችን «ወንድሜ ሱሪውን ዝቅ አድርጎ የውስጥ ሱሪው ሲታይ ማን ተናገረው?» አለችው። ዝም አለ። ከዚያ ወዲህ ልጁም ቀበቶ ያስራል፣ እያጉረመረመም ቢሆን። እኔም ብሆን የመንዟ እናቴ «ሴት ልጅ ሱሪ!» እያለች ስትጮህብኝ ነው ያደግኩት። ልጄ ይህን ከአያቷ ሰምታ በየጊዜው ታስታውሰኛለች።

ሌላው፣ ልብስ ስትገዙ አብራችሁ ሂዱ። ጠቡ ጠዋት በር ላይ ከተጀመረ አበቃ፤ ልጅቷ ትምህርት ይረፍድባታል፣ አንቺም ትጮኺያለሽ። ብሩን ቀድመሽ ቁረጪላት፣ ምርጫውን ለእሷ ተዪው። ስትለካው እጇን ታንሳ፣ ጎንበስ ትበል። ካልተመቻት ራሷ ትመልሰዋለች። እኛ ጋ ሦስቱን እንዲህ አስመልሳለች፣ እኔ አፌን ሳልከፍት።

ያ ጂንስ አሁን ጠቧታል። ወንድሟ ካልሰጠሽኝ እያለ እየነዘነዛት ነው።