ጎንደር ገብቶ ምን ይሠራል ላልሽው እህቴ

ሰላም እህቴ። «ታናሽ ወንድሜ አሥረኛ ክፍል ጨርሶ ደምቢያ ተቀምጧል፤ የአባታችን መሬት ለሦስት ወንድማማች አይበቃም፤ ጎንደር ከግብርና ውጪ ሥራ ያገኛል ወይስ መተማ ይውረድ?» ብለሽ የጠየቅሽውን ማታ አንብቤ ሳስበው አመሸሁ። እኔም እዚያው ደምቢያ የቆላ ድባ ልጅ ነኝ። በ1989 ዓ.ም. በክልላችን መሬት ሲሸጋሸግ ልጅ ስለነበርኩ የደረሰኝ የለም። ከዚያ ወዲህ ያደገ ወጣት ከወላጁ ካልወረሰ ወይ ይከራያል ወይ የሰው መሬት የእኩል ያርሳል። ወንድምሽ ሰንፎ አይደለም የተቀመጠው፤ እቤት ውስጥም ማንም ሰነፍ እንዳይለው።

ጎንደር ሥራ አለ። ግን «ከግብርና ውጪ» ስትይ ከእህል ጋር የማይገናኝ ሥራ አስበሽ ከሆነ ወንድምሽ ብዙ ይንከራተታል። ቢራ ፋብሪካውም ብቅል ፋብሪካውም የሚቀጥሩት ሰው የተወሰነ ነው፤ ለቢሮ የተመረቀውም ተሰልፏል። እንደኛ ያለውን ሰው የሚያኖረው በገበሬው ጎተራና በከተሜው መሶብ መካከል ያለው ሥራ ነው። ጫኝና አውራጁ፣ ወፍጮ ቤቱ፣ እህል በረንዳው፣ እንጀራ ጋጋሪዋ፣ በርበሬ ቀንጣሿ፣ ወተት አመላላሹ፣ ለከብት ፋጉሎና ፉርሽካ የሚሸጠው፣ ቁርስ ቤቱ። እኔ በ1998 ዓ.ም. ስገባ አብዛኛው ሰው ጤፉን ገዝቶ፣ አበጥሮና አስፈጭቶ እቤቱ ይጋግር ነበር። አሁን ማራኪ አካባቢ የተከራየ ወጣት እንጀራውን ከሱቅ በቁጥር ይገዛል፤ ሽሮውንም በርበሬውንም ተፈጭቶ በላስቲክ ታስሮ ያገኘዋል። ድሮ በየቤቱ በነፃ ይሠራ የነበረው ሁሉ ዛሬ የሚከፈልበት ሆኗል።

የጀመርኩት ጆንያ በመሸከም ነው። ሁለት ዓመት ተሸከምኩ። ያኔ ወገቤን ብቻ የሸጥኩ ይመስለኝ ነበር፤ ኋላ ሳየው ግን ትምህርት ቤቴ እሱ ነበር። እህል በረንዳ ላይ ነጋዴው እጁን ጆንያው ውስጥ እስከ ክርኑ አስገብቶ ከታች ያለውን ይዘግናል፤ መዳፉ ላይ ዘርግቶ እፍ ይላል፤ ትንሽ ቆንጥሮ በጥርሱ ይሰብራል። አፈር ያለበትን፣ እርጥቡን፣ ማኛ ተብሎ ሰርገኛ የተቀላቀለበትን በዚያው ይለየዋል። ወንድምሽ ይህን ግማሹን አውድማ ላይ ተምሮታል። የከተማ ልጅ ስንት ዓመት የሚፈጅበትን እሱ ይዞት ይመጣል።

ከዚያ ወፍጮ ቤት ረዳት ሆንኩ። የወፍጮ ሥራ ከሩቅ ሲያዩት እህል መድፋትና ዱቄት መቀበል ይመስላል። ቀጣሪዬ የነበሩት ጋሼ መጀመሪያ ያስተማሩኝ ዱቄቱን በእጄ መዳሰስ ነው። ሲወርድ በጣም ከጋለ ወይ ድንጋዩ ተጣብቋል ወይ ዶልዱሟል፤ እንዲህ የጋለ ዱቄት እንጀራው ዓይን አያወጣም፤ ባለቤቷም ሁለተኛ አትመለስም። ድንጋዩን መቼ እንደሚወቅር፣ በርበሬ በተፈጨበት ጤፍ እንደማይፈጭ፣ መብራት ሄዶ በሌሊት ሲመጣ ተነስቶ የሰው አደራ ማድረስ፤ ይህን የቻለ ልጅ ሥራ አያጣም። ጋሼ ሲደክሙ ወፍጮውን ለኔ አከራዩኝ።

አሁን የቤታችንን ግማሽ ገቢ የምታመጣው ባለቤቴ ናት። እንጀራ ለሱቆች ታስረክባለች፤ ሁለት ሴቶችም ቀጥራለች። ሊጡ የሚቦካበትን ሰዓት፣ አብሲቱን፣ የምጣዱን ሙቀት የምታውቀው እሷ ናት። ስለ ሥራ ፈጠራ ስናወራ ወንዶቹን ብቻ እንቆጥራለን፤ በዚህ የእህል ሥራ ላይ ግን ከማበጠር እስከ መጋገር የሚበዙት ሴቶች ናቸው፤ ክፍያቸውም ያንሳል። ይህ በጣም ያናድደኛል። አንቺም ካሰብሽበት ከወንድምሽ ቀድመሽ ልትቋቋሚ ትችያለሽ። ጤፍ ሲወደድ ብዙዎች የፎገራ ሩዝ ይቀላቅላሉ፤ ወረታ ላይ የሩዝ መፈልፈያው ብዙ ነው። ቅልቅል መሸጥ ነውር የለውም፤ ንፁህ ጤፍ ብሎ መሸጥ ግን ደንበኛ ያስከዳል።

የከበደን ዱቤ ነው። አንድ ምግብ ቤት ሦስት ወር ሙሉ እንጀራ «በወሩ መጨረሻ» እያለ ወስዶ፣ አንድ ቀን በሩ ተዘግቶ አገኘነው። ለጤፉ ዕዳ በሬ የሸጥነው ያኔ ነው፤ አባቴ የተወልኝ አንድ በሬ ነበር። ከዚያ በኋላ ከሳምንት በላይ ዱቤ የለም፤ ተቆጡም አልተቆጡም የለም።

መተማን በተመለከተ አትላኪው አልልም። ሐምሌና ነሐሴ ለአረም፣ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ለሰሊጥ አጨዳ ሰው በብዛት ይወርዳል። ደርሶ ያልታጨደ ሰሊጥ ስለሚረግፍ ባለእርሻው መጠበቅ አይችልም፤ ስለዚህ ለሳሉግ፣ ማለትም ለወቅቱ የቀን ሠራተኛ፣ ጥሩ ይከፍላል። እኔም ሁለት ክረምት ወርጃለሁ። ግን ብሩ የዚያ ሰሞን ብር ነው፤ ወባውና ካላዛር የሚባለው በሽታ ደግሞ አብሮ ይመጣል። ካላዛርን የምታስተላልፈው ጥቃቅን የአሸዋ ዝንብ በዋልካው መሬት ስንጥቅና በግራሩ ሥር ትገኛለች፤ ሠራተኛው ደግሞ ማታ የሚተኛው እዚያው ነው። ከወረደ አጎበር ይያዝ። ከተመለሰ በኋላ ትኩሳቱ ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ ከከሳ፣ በግራ ጎኑ በኩል ሆዱ ካበጠ «ወባ ነው» ብሎ አይቀመጥ፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የካላዛር ሕክምና ማዕከል አለ። አብሮኝ የወረደ ጓደኛዬ ዘግይቶ ነው የሄደው፤ አልተረፈም።

ስለዚህ የኔ ምክር፦ መሬቱን ጨርሶ አይልቀቅ፤ ድርሻውን ለወንድሞቹ የእኩል ይስጥና በዓመቱ የሚበላው እህል ይምጣለት። ከተማ ላይ መጀመሪያ የሚያደኸየው የቤት ኪራይና ቀለብ ነው፤ ቀለቡ ከቤት ከመጣ ግን የመጀመሪያዎቹን ወራት ይሻገራል። ክረምት ላይ አይምጣ፤ ጎተራው ሲራቆት ገበያውም ይቀዘቅዛል። ታኅሣሥ ላይ አዲሱ እህል ሲገባ ይምጣ፤ ጥምቀትና የጥር ሠርግ ስለሚከተል ወፍጮውም ምጣዱም ሰው ይፈልጋል። መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ እንዳይሆን ግን ቀድማችሁ ጠይቁ።

በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። ቅዳሜ ገበያ ስለሆነ ዓርብ ማታ ይግባ፤ እኛ ቤት ያድርና ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ወፍጮ ቤት ይዤው እገባለሁ። ነጠላ ጫማ ሳይሆን የሚሸፍን ጫማ ያድርግ፤ የአውድማችሁን ጤፍም በትንሽ ፌስታል ይያዝልኝ፤ የዘንድሮውን አይቼ ከነጋዴዎቹ ጋር አስተዋውቀዋለሁ።