ስሜን የት አደረሳችሁት?

የዚህ ወር ጥያቄዎቻችሁ ከሞላ ጎደል አንድ ጉዳይ ላይ አርፈዋል። ለበጎ አድራጎት ገንዘብ የሰጣችሁ ሰዎች ስልካችን ዕረፍት አጣ ትላላችሁ። የምትሰበስቡት ደግሞ ሰው አላምን አለን ትላላችሁ። አምዱን ዛሬ ለምትጀምሩ፦ አያትን አልፎ በሚገኝ አንድ አነስተኛ የአረጋውያን መርጃ ውስጥ እስከ ጡረታዬ ድረስ ሒሳብ ያዥ ነበርኩ። ደረሰኝ የምቆርጠው፣ የለጋሾቹን መዝገብ የምቆልፈው እኔ ነበርኩ። የምመልሰው ከዚያ ወንበር ላይ ሆኜ ካየሁት ነው።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንዴት ሰነበቱ? የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። ከፋሲካ በፊት ባጅ ያንጠለጠሉ ልጆች በየብሎኩ እየዞሩ ለአንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ገንዘብ ይሰበስቡ ነበር። 500 ብር ሰጠኋቸው። ስሜን፣ ስልኬን፣ የቤት ቁጥሬን፣ የምሠራበትን መሥሪያ ቤት ጻፉ። የፋይዳ ካርዴንም ፎቶ አነሱ። ከዚያ ወዲህ የማላውቃቸው ማኅበራት በስሜ እየጠሩ ይደውሉልኛል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ አንዱ «ለእርዳታዎ ሽልማት ደርሶዎታል፤ አሁን ስልክዎ ላይ የሚገባውን ኮድ ይንገሩኝ» አለኝ። ዘጋሁበት። ሁለተኛ ለማንም አልሰጥም ብዬ ወስኛለሁ። አጠፋሁ?

መልስ፦ በመዝጋትሽ እሰይ! ያ ኮድ የሞባይል ገንዘብሽ ቁልፍ ነው። ገንዘብ የሚልክልሽም ሆነ ከአንቺ የሚቀበል ሰው ኮድም ፒንም አያስፈልገውም። የሚጠይቅሽ ሊወስድብሽ የመጣ ሰው ነው።

አሁን ወደ ልጆቹ። ሌቦች ናቸው ማለቴ አይደለም። አብዛኞቹ ፀሐይ ላይ ሲንከራተቱ የሚውሉ ቅን ልጆች ናቸው። እኔ የምወቅሰው ያን ቅጽ ያዘጋጀላቸውን ሰው ነው። ለ500 ብር ደረሰኝ ምን ያስፈልጋል? ስም፣ የገንዘቡ ልክ፣ ቀን፣ የተቀባይ ፊርማ። ደረሰኙ በስልክ እንዲላክልሽ ከፈለግሽ ስልክ ቁጥር። በቃ። የቤት ቁጥርሽ ተመልሶ ለማንኳኳት ይጠቅም ይሆናል። መሥሪያ ቤትሽ ደመወዝሽን ለመገመት ይጠቅማል። የፋይዳ ካርድሽ ፎቶ ግን ለምን እንደሚጠቅማቸው እኔም ልገምት አልቻልኩም።

የለጋሽን ኪስ መለካት እዚህ ብቻ ያለ አመል አይደለም። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2016 የእንግሊዝ የመረጃ ጥበቃ ተቆጣጣሪ ሁለት ትልልቅ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችን ቀጥቷል። ለእንስሳት የሚቆመውን 25,000 ፓውንድ፣ ለልብ ሕመም የሚሠራውን 18,000 ፓውንድ። ለጋሾቻቸው ሳያውቁ ሀብታቸውን አስጠንተው፣ ማን ብዙ ሊሰጥ እንደሚችል ደረጃ አውጥተው ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ሌሎች 11 ድርጅቶች ተቀጡ። «የት ነው የምትሠሪው?» የዚያው ታናሽ እኅት ናት።

እኛ ጋ ከሚሰጡት ሰዎች ብዙዎቹ መጠሪያ ስማቸውን አይነግሩንም ነበር። የክርስትና ስማቸውን ያስጽፋሉ፤ ወለተ ሚካኤል፣ ገብረ ሥላሴ እያሉ። ሙስሊሞቹ «የአላህ ባሪያ ብለሽ ጻፊው» ይሉኝ ነበር። ለሁሉም ደረሰኝ ቆርጫለሁ። ኦዲተሩ መጥቶ «ወለተ ሚካኤል ማን ናት?» ብሎኝ አያውቅም። እሱ የሚያየው የደረሰኙ ተራ ቁጥር ሳይዘለል መሄዱንና ብሩ ባንክ መግባቱን ነው። ብዙ ገንዘብ ሲሆን ወይም ከውጭ አገር ሲመጣ ሌላ ነው፤ ምንጩ መታወቅ አለበት። ለ500 ብር ግን መታወቂያ ፎቶ ማንሳት ከመጠን ያለፈ ነገር ነው።

አሁን ደግሞ ሕግ አለልሽ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ይባላል። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። መረጃሽን የወሰደ ሰው ለምን እንደወሰደው ሊነግርሽ ይገባል። ለዚያ ጉዳይ ከሚበቃው በላይ አይሰበስብም፤ ለሌላ ጉዳይም አያውለውም። ምን እንደያዘ መጠየቅ፣ የተሳሳተውን ማሳረም፣ የማያስፈልገውን ማሰረዝ መብትሽ ነው። ለማስተዋወቂያ አትደውሉልኝ ማለትም እንደዚያው።

ስለዚህ ደረሰኙ ላይ ወዳለው አድራሻ እንዲህ ብለሽ ጻፊ፦ «በዚህ ቀን፣ በዚህ ደረሰኝ ቁጥር 500 ብር ሰጥቻለሁ። ስለ እኔ የያዛችሁትን መረጃና ለማን እንዳስተላለፋችሁት አሳውቁኝ። የመታወቂያዬን ፎቶ ሰርዙና መሰረዙን በጽሑፍ ግለጹልኝ።» ጠበቃ አያስፈልግሽም። ደኅና ድርጅት ከሆነ ይደነግጣል፣ ያርማል። ዝም ካሉሽ ወደ ባለሥልጣኑ ሂጂ። ደረሰኝ ጭራሽ አልሰጡሽም እንዴ? ታዲያ ለማን ትጽፊያለሽ? ለወደፊቱ ደረሰኙን ሳታዪ ቦርሳሽን አትክፈቺ።

«ሁለተኛ አልሰጥም» ባልሽው ግን አልስማማም። አንድ ድርጅት ምረጪ፣ ሄደሽ እዪው፣ ለእሱ ስጪ። ደጅ ድረስ ለመጣ ሰው «ሌላ ቦታ እሰጣለሁ» ማለት ነውር የለበትም።

ጥያቄ፦ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ከጓደኞቼ ጋር ሆነን ሕፃናት እንመግባለን። ፈቃድ አለን። ግልጽ ለመሆን ብለን እያንዳንዱ ለጋሽ የላከልንን ስክሪንሾት ቴሌግራም ቻናላችን ላይ እንለጥፋለን፤ በስም ጠርተን እናመሰግናለን። የለጋሾቹ ዝርዝር በኤክሴል ተሠርቶ የሁሉም በጎ ፈቃደኛ ስልክ ላይ አለ። ይህን ሁሉ እያደረግን በየወሩ የሚሰጡን ሰዎች እየቀነሱ ነው። ምን ጎደለን?

መልስ፦ ልጄ፣ ልፋታችሁን ፈጣሪ ይቁጠርላችሁ። ነገር ግን ግልጽ ያደረጋችሁት የሰውን ጓዳ ነው። የእናንተ እንደተዘጋ ነው።

እስቲ ያን ስክሪንሾት ደግመህ እየው። ከባንክ የሚመጣው መልእክት ብዙ ጊዜ የተላከውን ብቻ ነግሮ አያበቃም፤ መጨረሻው ላይ ቀሪ ሒሳብ አለ። 300 ብር የላከልህ ሰው አካውንቱ ውስጥ ስንት እንደቀረው ቻናሉ ላይ ያለ ሁሉ አነበበ። አከራዩ አነበበ፤ ብድር የከለከለው ዘመዱም አነበበ።

የኛን ሰው ታውቀዋለህ። በየወሩ ለአረጋውያኑ ጤፍ የሚልኩ አንድ ነጋዴ ነበሩ። አንድ በዓል ላይ የመድረክ መሪው ስማቸውንና መጠኑን በድምፅ ማጉያ ተናገረው። ሰው አጨበጨበ። ብዙም ሳይቆይ ሱቃቸው በዘመድ ተሞላ። «ለማኅበር ይሰጣል፣ ለኛ ሲሆን ይሰስታል» ተባሉ። ጤፉ ቀረ። ሲደወልላቸው አያነሱም። ቆይተው አንድ ቀን መንገድ ላይ ሲያገኙኝ «እናንተን ጠልቼ አይደለም፤ ቤቴ ሰላም እንዲያገኝ ነው» አሉኝ። ከእናንተ የቀሩትም ሳይናገሩ የቀሩት እንዲህ ባለ ነገር ሊሆን ይችላል። ደውለህ ጠይቃቸው። ገንዘብ ለመለመን ሳይሆን ለመጠየቅ ብቻ።

ለጋሽ ማወቅ የሚፈልገው ብሩ የት እንደገባ ነው። ስለዚህ የምትለጥፈው የራስህን ወጪ ነው። በዚህ ወር ስንት ኩንታል ጤፍ ተገዛ? ዘይቱስ? ወፍጮው፣ ማገዶው፣ የቤት ኪራዩ፣ የወጥ ቤቷ ደመወዝ? በተለይ ደመወዙን አትደብቀው። «የሰጣችሁት ሁሉ ለሕፃናቱ ብቻ ይውላል» የሚል ማስታወቂያ ሳይ እኔ ራሴ እጠራጠራለሁ። እንጀራውን ማን ጋገረው ታዲያ? የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 አስተዳደራዊ ወጪ ከ20 በመቶ አይለፍ አለ እንጂ ዜሮ ይሁን አላለም። ለሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን በየዓመቱ የምታስገባውን ሪፖርትም ቻናሉ ላይ አውጣው። መንግሥት ያየውን ሰጪው የማያይበት ምክንያት የለም።

«ገቢውንስ እንዴት ላሳይ?» ትል ይሆናል። የብሩን ልክና የዝውውር ቁጥሩን የመጨረሻ አራት ምልክቶች ብቻ ጻፍ። የላከው ሰው የራሱን ፈልጎ ያገኛል፣ ጎረቤቱ ግን ማን እንደሆነ አያውቅም። እኛ በወረቀት ዘመን ይህንኑ በደረሰኝ ቁጥር እናደርገው ነበር። ቁጥሩና ብሩ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፣ ስም የለበትም። ከቅዳሴ ሲመለሱ ጎራ የሚሉ አንዲት እናት ነበሩ። ደረሰኛቸውን ከነጠላቸው ጫፍ ይፈቱና ሰሌዳው ላይ በጣታቸው እየተከተሉ ይፈልጋሉ። ማንበብ አይችሉም፤ ቁጥር ግን ያውቃሉ። ሲያገኙት «ገብታለች!» ይሉና ይሄዳሉ። እሳቸው አንድም ወር አልቀሩም።

ኤክሴሉን ዛሬውኑ ከሁሉም ስልክ አስጠፋ። የበጎ ፈቃደኛ ስልክ ሚኒባስ ውስጥ ይሰረቃል፣ ይሸጣል፣ ለታናሽ ወንድም ይሰጣል። በጎ ፈቃደኛው ራሱ ሌላ ማኅበር ሲገባ ዝርዝሩ አብሮት ይገባል። የየካ አባዶዋን እኅታችንን የሚያስጨንቋት ደዋዮች ቁጥሯን ከእንዲህ ያለ ዝርዝር አግኝተውት ይሆናል። ዝርዝሩ ፓስወርድ ባለው አንድ ኮምፒውተር ላይ ይቀመጥ፣ መጠባበቂያ ቅጂው ሌላ ቦታ ይቆለፍበት። ሁለት ሰው ብቻ ይክፈተው። መስጠት ያቆመ ሰው ስልክ ለዘላለም አይቀመጥም፤ ሒሳቡ የሚፈልገው ደረሰኙን ነው። በክርስትና ስም ወይም በሌላ ሃይማኖቱን በሚገልጥ መንገድ የመዘገብከው ካለ ይበልጥ ተጠንቀቅለት። ሃይማኖትና ጤና በግል ዳታ ጥበቃ አዋጁ ልዩ ጥበቃ ከሚደረግላቸው መረጃዎች ናቸው።

ነፃ ሶፍትዌር ልስጣችሁ የሚል ሰው ከመጣም መዝገቡ የት እንደሚቀመጥ፣ ስትለያዩ ማን እንደሚያጠፋው ጠይቅ። ብላክባድ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ የለጋሾችን መዝገብ ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች፣ ለዩኒቨርሲቲዎችና ለሆስፒታሎች ይይዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 በመረጃ ጠላፊዎች ተመታ። ከ13,000 በላይ ደንበኞቹ ተነኩ። በ2023 ለአሜሪካ ግዛቶች 49.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። የተወቀሰው በመጠለፉ ብቻ አልነበረም። የደረሰውን ጉዳት አሳንሶ ተናግሯል፣ ለተጎጂዎች በጊዜ አላሳወቀም ተብሎም ነው። አንተም ስልክ ከተሰረቀ ወይም ዝርዝሩ ከወጣ አትደብቅ። የኛ አዋጅ ለተቆጣጣሪው በ72 ሰዓት ውስጥ አሳውቁ ይላል። ለለጋሾቹ ደግሞ ከሌላ ሰው ከመስማታቸው በፊት አንተ ንገራቸው።

የሕፃናቱን ፊት መለጠፍም ይቁም። ድስቱን አሳይ፣ የተሰለፉትን ሳህኖች አሳይ። ያ ልጅ ነገ ትልቅ ሰው ይሆናል።

ጥያቄ፦ እኅቴ፣ ለገጣፎ ውስጥ የዕድር ጸሐፊ ነኝ። አንድ አባላችን ኩላሊቱን ታሞ ገንዘብ እያሰባሰብንለት ነው። ሰው እንዲያምን የሐኪም ወረቀቱን ግሩፑ ላይ ለቀቅነው። ልጁ በጣም ተቆጣ። እኛ ለአባቱ ደግ ሠራን እንጂ ምን አጠፋን?

መልስ፦ ጋሼ፣ ልጁ እውነቱን ነው። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጁ ዕድርና ዕቁብን አይመለከትም። ስለዚህ በዚያ አዋጅ ፈቃድና ዓመታዊ ሪፖርት የሚጠይቅዎት የለም። የሰው ሕመም ግን የዕድር ንብረት አይደለም። ያ ወረቀት ላይ ስማቸው፣ ዕድሜያቸው፣ የካርድ ቁጥራቸው፣ ምናልባትም ኩላሊታቸውን ብቻ የማይመለከት የምርመራ ውጤት አለ። ግሩፑ ውስጥ ያለ አንድ ሰው ለሌላ ካስተላለፈው መመለሻ የለውም። ይባስ ብሎ አጭበርባሪ ወረቀቱን ወስዶ የራሱን አካውንት ቁጥር ከሥሩ ይጽፍበታል። በታመመ ሰው ፎቶ እንዲህ ሲነገድ አይተናል።

ዛሬውኑ ያጥፉት። ከዚያ ሊቀመንበሩ፣ ገንዘብ ያዡና እርስዎ ዋናውን ወረቀት ይዩ። «ሦስታችን አይተናል፣ ሕክምናው ይህን ያህል ይፈጃል፣ እስከ አሁን ይህን ያህል ተሰብስቧል» ብለው ይጻፉ። ዕድር የቆመው ለዚህ ነው፤ ሰው የሚያምነው እናንተን ነው። መዋጮውን በስም ማንበቡ የቆየ ልማድ ነው፣ ለአባላት ስብሰባ ይሁን። ከአባልነት ውጭ የሰጠ ሰው ግን ስሙ ይነበብ እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁት። ታማሚውንም ራሳቸውን ይጠይቋቸው። በዚህ ሁሉ መሀል እሳቸውን ማን አማከረ?

ጥያቄ፦ አንድ ድርጅት እውነተኛ መሆኑን ብር ከመላኬ በፊት በምን ላረጋግጥ? ባጭሩ ይንገሩኝ።

መልስ፦ የምዝገባ ምስክር ወረቀታቸውን ጠይቂ፣ ከሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን የተሰጠ መሆን አለበት። ከተቻለሽ ሄደሽ እዪ። አያት ያለው መቄዶንያ ሰው ልደቱንና ሙት ዓመቱን እያዘጋጀ የሚያበላበት ቦታ ነው። ሌሎቹም በራቸውን ለጎብኚ ሊከፍቱ ይገባል። ለልጆቹ ወይም ለአረጋውያኑ ሲሉ የጉብኝት ሰዓት ቢወስኑ አትቀየሚ፤ ጨርሶ አይቻልም ካሉሽ ግን ተዪው። ብሩን ስትልኪ ደግሞ አካውንት ቁጥሩን ካስገባሽ በኋላ፣ ማረጋገጫውን ከመጫንሽ በፊት የተቀባዩ ስም ይመጣልሻል። ሰው ይህን ሳያነብ ያልፋል። የድርጅቱ ስም መሆን አለበት። የግለሰብ ስም ከመጣ «የሒሳብ ሹማችን ነው» ይሉሻል። ሹሙም ይሁን፣ አትላኪ።