ከነራሱ ግዙት፦ ስለ ጣና ዓሣ ጥያቄና መልስ

መላሹ በጣና ዙሪያ ከዓሣ አስጋሪዎች ጋር ለብዙ ዓመታት የሠሩ አባላችን ናቸው።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ጋሼ፣ ዓሣን በኃላፊነት መብላት ለእኛ ለከተማ በላተኞች በተግባር ምን ማለት ነው?

መልስ፦ የዓሣውን መጠን ማየትና ወሩን ማወቅ ማለት ነው። ቆሮሶ (ቲላፒያ) ለመራባት የሚደርሰው ወደ 20 ሳንቲሜትር ገደማ ሲረዝም ስለሆነ፣ ስንዝራችሁን ከአፉ እስከ ጭራው ዘርጉበት፤ ካልሞላ አትግዙት። እናቲቱ ዕንቁላሎቿን በአፏ ይዛ ነው የምታሳድገው፤ ያልደረሰችውን ስንበላ ይህን አንድም ጊዜ ሳታደርገው እናስቀራታለን። ችግሩ፣ አብዛኞቻችሁ የምትገዙት ፊሌቶ ነው። ፊሌቶ የዓሣውን መጠን ብቻ ሳይሆን ዓይነቱንም ስለሚደብቅ ሻጩ ያሻውን ስም ያወጣለታል። ስለዚህ ከነራሱ ግዙት። ስንጥቡ ቀይ፣ ዓይኑ ጥርት ያለ፣ ሥጋው በጣት ሲጫኑት የሚመለስ ይሁን፤ ራሱና አጥንቱም ለሾርባ ይሆናሉ።

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)፦ የጣና ነጭ ዓሣ እየጠፋ ነው ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። በመጀመሪያ ስሙን እናጥራ፤ በጫሞ ነጭ ዓሣ የሚባለው የናይል ፐርች ሲሆን በጣና ግን ሌላ ነው። የጣናው ነጭ ዓሣ አንድ ዝርያ ሳይሆን ከ15 የሚበልጡ፣ አብዛኞቹ በሌላ በየትኛውም ሐይቅ የማይገኙ ዝርያዎች የጋራ ስም ነው። ከእነዚህ ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ ሐይቁን ትተው ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ሌሎች ወንዞች ሽቅብ ይወጡና ጠጠር ባለበት ንጹሕ ውኃ ዕንቁላላቸውን ይጥላሉ። ታዲያ በነሐሴና በመስከረም የወንዙ አፍ ላይ መረብ የዘረጋ ሰው የሚይዘው ዓሣ ብቻ ሳይሆን የሚመጣውን ትውልድ ጭምር ነው። አንድ የነሐሴ ጧት ጉማራ አፍ ላይ ከመረብ የወጣች ዓሣ በእጄ ይዤ ሆዷን ገና ጫን ሳደርገው ዕንቁላሉ በመዳፌ ላይ ፈሰሰ፤ አስጋሪውም አይቶ ዝም አለ። አንዳንዱማ ወንዙ ውስጥ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ይበትናል፤ ይህ መርዝ ትልቁንም ጫጩቱንም አይለይም። ደግሜ እላለሁ፦ በነሐሴና በመስከረም የጣና ነጭ ዓሣ አትግዙ።

አስተያየት (ከባሕር ዳር)፦ ዓሣውን የጨረሰው እኮ እምቦጭ ነው! አስጋሪውን ለምን እንወቅሳለን?

አስተያየት (ከጎንደር)፦ እኔም እንደዚያው ነው የማምነው። አረሙ ዳር ዳሩን ሸፍኖ ታንኳ እንኳን አላሳልፍ ብሏል።

መልስ፦ እምቦጭ አስጋሪውን ማሰቃየቱን አልክድም፤ መረብ ይቀድዳል፣ መንገድ ይዘጋል። ሆኖም የዘመኑን ቅደም ተከተል አታዛቡ። አረሙ በጣና በይፋ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ሲሆን፣ በባሕር ዳር ሰላጤ የነጭ ዓሣ ክምችት ሦስት አራተኛ ያህል የቀነሰው ግን ከዚያ በፊት፣ ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። በ1978 ዓ.ም. በሞተር ጀልባና በናይሎን መረብ የሚሠራ ማስገር ተጀመረ፤ መረቡም ዓሣው ተሰብስቦ ወደሚጠብቅበት ወደ ወንዙ አፍ አመራ። በደንገል ታንኳ ብቻውን እየቀዘፈ ጥቂት መረብ የሚጥለውን ሽማግሌ ከዚህ ጋር አትደምሩት። መደገፍ ያለበት እሱ ነው፤ ጧት ዳር ላይ ጠብቃችሁ በቀጥታ ከእጁ ግዙ።

ጥያቄ (ከጎንደር)፦ በጾም ዓሣ ይበላል ወይስ አይበላም?

አስተያየት (ከአዲስ አበባ)፦ አባቶቻችን ይበሉ ነበር።

አስተያየት (ከደሴ)፦ የማን አባቶች? በእኛ ቤት በዐቢይ ጾም ዓሣ ደጃፍ አይረግጥም።

መልስ፦ ለንስሐ አባቶቻችሁ ተዉት። እኔን የሚያገባኝ፣ በሁዳዴ ፈላጊው ሲበዛና ዋጋው ሲንር ዓይኑ የጠበበ መረብ መብዛቱ ነው። ስንዝራችሁን ያን ጊዜም አትርሱት።

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ ጥሬ ዓሣ በዳጣ መብላት ጉዳት አለው?

መልስ፦ አብስሉት። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዓሣ ውስጥ ትል ይገኛል።

ጥያቄ (ከሜሪላንድ)፦ እዚህ አሜሪካ የምንገዛውስ?

መልስ፦ የእናንተን ገበያ አላውቀውም። ሆኖም በትልልቅ መደብሮች የዓሣው አገርና በእርባታ ወይም በተፈጥሮ ማደጉ እንዲጻፍ ሕጋችሁ ያዝዛል፤ አንብቡት።

ጥያቄ (ከወልቂጤ)፦ ኩሬ ቆፍሬ ዓሣ ማርባት እፈልጋለሁ። ጫጩት ከየት ላግኝ?

መልስ፦ ሰበታ ያለውን የዓሣ ምርምር ማዕከል ይጠይቁ። ይህ የእኔ ሙያ አይደለም።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ ሕጉ ምን ይላል? ሕግ ካለ ለምን በላተኛው ይጠየቃል?

መልስ፦ አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ፤ ለንግድ የሚያሰግር ሰው ፈቃድ እንዲያወጣ ያዝዛል፣ በመርዝና በፈንጂ ማስገርንም ይከለክላል። ነገር ግን ተቆጣጣሪው በየወንዙ አፍ ሌሊቱን ሙሉ አይቆምም፤ መረቡም የሚዘረጋው በጨለማ ነው። በነሐሴ የተያዘው ነጭ ዓሣ ጧት ገዢ ካላገኘ ግን አስጋሪው በማግስቱ ወደዚያ የሚቀዝፍበት ምክንያት የለውም።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ታዲያ በአጭሩ፣ የትኛውን ዓሣ ልግዛ?

መልስ፦ ከላይ ያለውን ሳያነቡ ነው የጠየቁት። ሐይቁንና ወሩን ያልነገረኝ ሰው መልስ የለውም።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ይቅርታ ጋሼ። ለመስቀል ባሕር ዳር እሄዳለሁ።

መልስ፦ እንዲህ ሲሉ ይመለሳል። ቆሮሶ፣ ከስንዝር የረዘመ፣ ከነራሱ። ነጭ ዓሣውን ለኅዳር ያቆዩት።