ከሶፍትዌር አትጀምሩ፦ ስለ አይቲ ዕቅድና ስለ ድርጅት ስትራቴጂ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። የኢንፎርሜሽን ሲስተም ዕቅድ በማውጣት ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ዛሬ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልበል፦ ከሶፍትዌር አትጀምሩ።

ጀማሪዋ፦ ጋሼ፣ አለቃዬ «ከድርጅቱ ስትራቴጂ ጋር የሚጣጣም የአይቲ ዕቅድ አዘጋጂ» ብሎኛል። የስትራቴጂ ሰነዱ ላይ ያገኘሁት ግን «በዘርፉ ቀዳሚ መሆን» የሚል ብቻ ነው። ከየት ልነሳ?

መልስ፦ እህቴ፣ ጎሽ! እንዲህ ተብሎ ነው የሚጠየቀው። «ቀዳሚ መሆን» ስትራቴጂ ሳይሆን ምኞት ነው። ከምኞት ሲስተም አይወጣም። ስለዚህ ሰነዱን ለጊዜው አስቀምጪውና ኃላፊዎቹን ራሳቸውን አነጋግሪ።

የአስተዳደር ተመራማሪው ጆን ሮካርት እ.ኤ.አ. በ1979 ያቀረበው ዘዴ ዛሬም ይሠራል። እያንዳንዱን ኃላፊ «ሥራህ እንዲሳካ የግድ መሟላት ያለባቸው ጥቂት ነገሮች ምንድን ናቸው?» ብለሽ ጠይቂ። ሃያ ነገር ከዘረዘረልሽ አላሰበበትም ማለት ነው፤ ወደ አምስት እንዲያወርደው ለምኚው። ቀጥለሽ «እነዚህ በትክክል እየሄዱ መሆናቸውን በምን ታውቃለህ?» በይው። ዝም ካለ የመጀመሪያውን የመረጃ ክፍተት አገኘሽ ማለት ነው። ዕቅድሽ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

ከዚያ አንድ ሠንጠረዥ ሥሪ። በግራ በኩል ግቦቹን፣ ከላይ በኩል ደግሞ አሁን ያሉትን ሲስተሞችና የታቀዱትን ፕሮጀክቶች ጻፊ። ፕሮጀክቱ ግቡን የሚያግዝ ከሆነ መገናኛው ላይ ምልክት አድርጊ። አሁን ባዶዎቹን እያቸው። ባዶ ረድፍ ማለት ሁሉም የሚያወራለት፣ ግን ማንም የማይሠራለት ግብ ነው። ባዶ ዓምድ ማለት ደግሞ ገንዘብ የሚበላ፣ የማንንም ግብ የማያግዝ ፕሮጀክት ነው። አንድ ጊዜ የሠራሁበት ድርጅት ዋና ግቡ ነባር ደንበኞችን ማቆየት ነበር። ሠንጠረዡን ስንሠራው ከ14 ፕሮጀክት አንዱም ነባር ደንበኛን አይነካም። ሁሉም አዲስ ደንበኛ ስለ መመዝገብ ነበር። ያን ቀን ስብሰባው ላይ የነበረው ዝምታ አሁንም ትዝ ይለኛል።

አንድ ጥንቃቄ። ባክአፕ (የመረጃ መጠባበቂያ ቅጂ) እና የሲስተም ደህንነት በዚህ ሠንጠረዥ ላይ ባዶ ዓምድ ይመስላሉ። እንዳትሰርዣቸው! እነሱ የሌሎቹ ሁሉ መሠረት ናቸው።

አባል 7፦ ምርጡ ኢአርፒ (ሒሳቡን፣ ግዢውን፣ ሽያጩን በአንድ ላይ የሚይዘው ሶፍትዌር) የትኛው ነው?

መልስ፦ ለማን? ለምን ሥራ? ድርጅትህ ምን እንደሚሠራ እንኳ አልነገርከኝም። ከሶፍትዌር አትጀምሩ ብያለሁ።

ፕሮግራመሩ፦ ይቅርታ ጋሼ፣ በዚህ አልስማማም። ሁልጊዜ ስትራቴጂ ይቅደም ማለት የድሮ አስተሳሰብ ነው። ቴክኖሎጂው ራሱ አዲስ ሥራ ይፈጥራል።

ሒሳብ ሹሟ፦ እንዲህ እያላችሁ ነው በጀቱን የምትጨርሱት! አምና መተግበሪያ ሠራችሁልን። ማን ይጠቀምበታል?

ፕሮግራመሩ፦ ምን እንደምትፈልጉ ሦስት ጊዜ ጠይቀን የመለሰልን የለም።

ሒሳብ ሹሟ፦ የጠየቃችሁን እኮ የአዝራሩን ቀለም ነው!

መልስ፦ እሺ፣ ቆዩ። ሁለታችሁም እውነት አላችሁ። ሄንደርሰንና ቬንካትራማን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1993 ያሳተሙት ሞዴል ይህንኑ ክርክር ያነሳል። አራት ነገሮች መጣጣም አለባቸው ይላል፦ የንግድ ስትራቴጂው፣ የድርጅቱ አደረጃጀትና አሠራር፣ የአይቲ ስትራቴጂው፣ የአይቲ መሠረተ ልማቱና አሠራሩ። ወደዚያ የሚወስዱ አራት መንገዶችም ያስቀምጣል። ሁለቱ ከንግድ ስትራቴጂ ይነሳሉ። ሁለቱ ደግሞ ከአይቲ ስትራቴጂ። ስለዚህ ፕሮግራመሩ ልክ ነው፤ ከአይቲ መነሳት ይቻላል። ግን ልብ በል፣ መነሻው የአይቲ ስትራቴጂ ነው እንጂ አንድ የወደድከው ሶፍትዌር አይደለም። ቴክኖሎጂው አዲስ ሥራ የሚፈጥር ከሆነም ያንን ሥራ የሚመራው ሰው ከመጀመሪያው ቀን አብሮህ ይቀመጥ። የመተግበሪያችሁ ችግር ማን ቀደመ አይደለም። ባለቤት አልነበረውም።

አባል 12፦ ክላውድ (በኢንተርኔት የሚከራዩት ሰርቨር) ይሻላል ወይስ የራስ ሰርቨር?

መልስ፦ ይህን የኔትወርክ ሰዎች ይመልሱልህ።

አባል 3፦ ዕቅዱ የስንት ዓመት ይሁን?

መልስ፦ ግቦቹ የሦስት ዓመት፣ ፕሮጀክቶቹ የአንድ ዓመት። በየሦስት ወሩ ይከለስ።

አባል 9፦ ለመካከለኛ ድርጅት የሚሆን አሪፍ ሲስተም ካለ ብትጠቁሙን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይህ የአባል 7 ጥያቄ ነው። እባካችሁ ከላይ ያለውን አንብቡ። መጀመሪያ ግብ፣ ቀጥሎ አሠራር፣ ከዚያ ሶፍትዌር።

የአይቲ ኃላፊው፦ ቦርዳችን አይቲን የሚያየው እንደ ወጪ ብቻ ነው። እንዴት ላሳምናቸው?

መልስ፦ ለማሳመን ከመሄድህ በፊት ልክ እንዳልሆኑ እርግጠኛ ሁን። የሃርቫርዱ ፕሮፌሰር ዋረን ማክፋርላን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ያቀረበውን ሠንጠረዥ ተጠቀም። ሁለት ጥያቄ ነው ያለው። ዛሬ ያሉት ሲስተሞች ለአንድ ሰዓት ቢቆሙ ሥራው ይቆማል? የታቀዱትስ በገበያው ላይ ያላችሁን ቦታ ይለውጣሉ? ለሁለቱም መልሱ «አይ» ከሆነ፣ አይቲ እናንተ ጋ ደጋፊ ነው፤ ቦርዱ ወጪ መቆጠቡ ትክክል ነው። ለመጀመሪያው ብቻ «አዎ» ካልክ ሲስተሙ እንዳይቆም የሚያደርገውን በጀት ጠይቅ፤ ስለ ፈጠራ አታውራ። ለሁለተኛውም «አዎ» ካልክ ግን ቦርዱ ራሱ በየጊዜው ሊወያይበት ይገባል። ዝም ብለህ «አይቲ ወሳኝ ነው» ብትል ማንም አይሰማህም።

አባል 15፦ ዕቅዱን አማካሪ ድርጅት ቢሠራልንስ?

መልስ፦ ሊያግዛችሁ ይችላል። ግቡን ግን አይምረጥላችሁ።

ጀማሪዋ፦ ጋሼ፣ እኔ ነኝ በድጋሚ። ኃላፊዎቹ «ጊዜ የለንም፣ መጠይቅ በኢሜይል ላኪልን» አሉኝ።

መልስ፦ አትላኪ። መጠይቁን ለሌላ ሰው ያስሞሉታል፤ የሚመጣልሽም መልስ የሰነዱ ግልባጭ ነው። ግማሽ ሰዓት ብቻ ጠይቂ። መጀመሪያ ሪፖርት ዘገየብኝ እያለ የሚያማርረውን ኃላፊ ያዢ። እሱ ጊዜ ይሰጥሻል።

ጀማሪዋ፦ የሽያጭ ኃላፊው ነው እንዲህ የሚለው። አሁን ደወልኩለት፣ ነገ ጠዋት ነይ አለኝ!

መልስ፦ ጎበዝ። ሁለተኛውን ጥያቄ እንዳትረሺ፦ «በምን ታውቃለህ?»